ቀን ያልተቆረጠለት ጉባኤ

ባለፈው ሰሞን ማታ፣ ዶርም ውስጥ ሻይ አፍልተን ተቀምጠን ሳለ አንድ ክርክር ተነሣ። መነሻው በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ተቀጥሮ በኮሮና ምክንያት የቀረው ያ ትልቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ነበር። አንዱ ወገን «ናቁን! ነጭ አገር ቢሆን ኖሮ መላ ይፈልጉለት ነበር» አለ። ሌላው ወገን «ምን ቀረና ነው የምታለቅሱት? በኢንተርኔት ተካሂዶ የለም እንዴ?» ሲል መለሰ። ሁለቱም ጮኹ፤ ሁለቱም ሳይረቱ ተኙ። እኛ ከመካነ ኢየሱስ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ግን እንቅልፍ አልወሰደንም። በዚያው መጋቢት እኛም በእስቴ ምድር አንድ ትንሽ ጉባኤ ሰርዘናል። ስለ ትልቁ እየጮኽን ስለ ትንሹ ዝም ብንል አድርባይነት ይሆናልና፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አውጥተን በዚህች በማባዣ በምትታተም መጽሔታችን ፀሐይ ላይ እናስጣቸው።

የምንለውን አስቀድመን እንበልና ከዚያ እንከራከር። መሰረዙ ትክክል ነበር። ጥፋቱ የመጣው ከመሰረዙ በኋላ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እናስታውስ። አይ.ሲ.ኤል.አር. የሚባለው ጉባኤ፣ ኮምፒውተር ከመረጃ እየተማረ ሥዕል እንዲለይ፣ ቋንቋ እንዲተረጉም የሚያደርጉ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በየዓመቱ የሚገናኙበት የዓለም መድረክ ነው። በዚህ ሙያ ካሉት ታላላቅ ጉባኤዎች አንዱም እስከዚያ ዘመን ድረስ በአፍሪካ ምድር ተካሂዶ አያውቅም ነበር። ታዲያ አዲስ አበባ ለምን ተመረጠች? በቪዛ ምክንያት ነው! እ.ኤ.አ. በ2018 ሞንትሪያል ላይ በተደረገ የዚሁ ሙያ ሌላ ጉባኤ፣ ግብዣ የደረሳቸው ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው በር ላይ ቀሩ። አዲስ አበባ ከተመረጠች በኋላም በዓመቱ ቫንኩቨር ላይ ያው ተደገመ። ብላክ ኢን ኤ.አይ. የተባለው ማኅበር ይህን በደል አደባባይ አወጣው፤ ከማኅበሩ መሥራቾች መካከል አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ ይገኙበታል። እንግዲህ ሰዎቹ ወደ ጉባኤው መሄድ ካልቻሉ ጉባኤው ወደ ሰዎቹ ይምጣ ተባለና፣ ከሚያዝያ 18 እስከ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ ቀጠሮ ተያዘ። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ቀኑ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት «ጉባኤው ሙሉ በሙሉ ወደ ኢንተርኔት ተዛውሯል» የሚል ማስታወቂያ ወጣ።

«ናቁን» ለሚለው ወገን መጀመሪያ እንመልስ። ስሜቱ ከየት እንደመጣ ይገባናል፤ በየኤምባሲው በር የተገፋ ሰው በየጥላው ንቀት ቢታየው አይፈረድበትም። ግን ባርሴሎና የማን አገር ናት? በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ሰው የሚጎርፍበት የሞባይል ስልክ ኩባንያዎች ጉባኤ ሊከፈት ሁለት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ ሲቀረው፣ የካቲት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተሰርዟል። ያልሰረዘስ ምን አገኘ? በዚያው የካቲት፣ አሜሪካ ቦስተን ከተማ ውስጥ የአንድ መድኃኒት ኩባንያ ኃላፊዎች 175 ያህል ሆነው ለሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ተጨባበጡ፤ አብረው በሉ። መቶ የሚጠጉ ሰዎች በሽታው ያዛቸው። ኋላ ተመራማሪዎች የቫይረሱን ዝርያ ተከታትለው፣ ከዚያች አዳራሽ የወጣው በሽታ ውሎ አድሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሳይነካ እንዳልቀረ ገመቱ። መድኃኒት ሠሪዎቹ እንዲህ ከሆኑ ሌላው ምን ሊሆን ነው?

«እኛ ገበያ ወጥተን፣ ልቅሶ ደርሰን መች ሞትን?» የሚልም አልጠፋም። ይህ ክርክር በወጣት አፍ ሲነገር ደፋር ይመስላል፤ በአያት ጆሮ ሲሰማ ግን ሌላ ነው። እስቲ መንገዱን እንከተለው። እንግዳው ከሩቅ አገር በአውሮፕላን መጥቶ፣ አምስት ቀን ሰንብቶ፣ ተመልሶ ይሄዳል። በሽታው ግን አልጋውን ካነጠፈችው ሴት ጋር፣ ሻንጣውን ከተሸከመው ልጅ ጋር፣ ከታክሲ ነጂው ጋር ይቀራል። ከዚያ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ወረታ ይወርዳል፤ ደብረ ታቦር ያድራል፤ በማግስቱ እስቴ ገብቶ ከአያታችን መደብ ላይ ይቀመጣል። ጉባኤው ሊከፈት በነበረበት ዕለት በአገራችን የተመዘገበው ሕመምተኛ 150 አይሞላም ነበር፤ እ.ኤ.አ. 2020 ሲያልቅ ከ120,000 በላይ ደርሷል። ያ ጉባኤ ሊካሄድበት የነበረው ሚሊኒየም አዳራሽ ራሱ በዚያው ዓመት አልጋ ተደርድሮበት የኮሮና ሕሙማን መታከሚያ ሆነ። ለተመራማሪዎች ወንበር ሊዘረጋበት የታሰበው ወለል ላይ ሰው በኦክስጅን ሲተነፍስ ዋለ። ከዚህ በኋላ «ለምን ተሰረዘ?» ብሎ የሚጮህ ካለ፣ ከእኛ ጋር ሳይሆን ከዚያ አዳራሽ ጋር ይከራከር።

ደግሞስ የበጌምድር ልጅ ለዚህ ነገር እንግዳ ነው? እ.ኤ.አ. በ1866 ዓፄ ቴዎድሮስ ከነሠራዊታቸው ጣና ዳር ሰፍረው ሳለ ኮሌራ ገባ። ሰፈሩን ነቅለው ወደ ደጋው፣ ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። አንበገሬ የተባሉት ንጉሥ ከበሽታ ፊት ዞር ማለትን ውርደት አላሉትም። ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚበጀው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው፤ ሰፈር መንቀል ሥራ መተው አልሆነም። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ ብረት ማቅለጡ ቀጠለ፤ ሰባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ እየተጎተተ በጋይንት አልፎ መቅደላ የወጣውም ከዚያ በኋላ ነው። መድፉ ምን እንዳተረፈ ሌላ ክርክር ነው። በወረርሽኝ የተበተነ ሥራ ተመልሶ ሊያዝ እንደሚችል ግን ከደጃችን ያለ ምስክር ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያጠቃ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመዋል፤ ሺዎች አልቀዋል። አገር ከዚያም በኋላ ተሰብስቧል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንዙር፤ «ምን ቀረ?» ወደሚለው። ይህ ወገን ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቁጥሩም ሐሰት አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኒው ኦርሊንስ ላይ የተገኘው ሰው 2,700 ያህል ነበር፤ በኢንተርኔት ሲሆን ግን ከ90 ከሚጠጉ አገሮች ከ5,600 በላይ ሰው ተሳተፈ። 687 የምርምር ጽሑፎች ቀረቡ። መግቢያውም ረከሰ፤ ቪዛ የሚጠይቅ ዘበኛም አልነበረም። ኋላም የተቀዳው ንግግር ሁሉ በነጻ ተከፈተ። እሰየው! አዘጋጆቹ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል መሥራታቸው የሚመሰገን ነው፤ ምስጋናውን አንነፍግም።

ነገር ግን «ተዛወረ» የምትለዋ ቃል ለማን እንደምትሠራ እንጠይቅ። ዕቃ ሲዛወር የሚደርስበት ቦታ አለው። ያ ጉባኤ የተዛወረበት ቦታ ግን ያን ጊዜ ከመካነ ኢየሱስ መንገድ አልነበረውም። በዚያ ሚያዝያ አንድ አጭር ቪዲዮ በስልክ ለማየት ካርድ ሞልተን፣ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥተን፣ ቪዲዮው ከግማሹ ሲቆም ቁጭ ብለን እንጠብቅ እንደነበር የምናውቀው እኛ ነን። በዓመቱ መጨረሻ ይባስ አለ፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘጋ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ኖረ። ስለዚህ ቃሉን እናርመው። ለቦስተንና ለቤጂንግ «ተዛወረ» ነው። ለእስቴ፣ ለስማዳ፣ ለጋይንት «ተሰረዘ» ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ መሰረዙን «ተዛወረ» ብሎ የደበቀም ስላልሰረዘ የሚመልሰው ነገር አይኖረውም። ተንኮሉ እዚህች ቃል ውስጥ ነው ያለው።

እስቲ በአገራችን ወግ እንመርምረው። ሰርግ ተደግሶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ዘመድ ተጠርቶ ሳለ ጎረቤት ልቅሶ ቢገባ ምን ይደረጋል? ድንኳኑ ይወርዳል። ይህን የሚነቅፍ የለም። ግን ሽማግሎቹ ከልቅሶው ቤት ወጥተው ወደየቤታቸው አይበተኑም፤ የሁለቱን ወገን አባቶች ይዘው ይቀመጡና «እንግዲህ መቼ ይሁን?» ይላሉ። ከፋሲካ ማግስት፣ ካልሆነም ለጥር፣ ብቻ ቀን ይቆርጣሉ። ቀን ሳይቆረጥ የተበተነ ሰርግ እንደ ፈረሰ ነው የሚቆጠረው፤ ሙሽሪትም ሐሜት ላይ ትወድቃለች። ዕቁብም እንዲሁ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው በዚያ ሳምንት ገንዘቡ ባይሰበሰብ፣ ሲሰበሰብ ይሰጠዋል እንጂ ዕጣው ለሌላ አይዞርም።

የአዲስ አበባስ ዕጣ የት ገባ? እ.ኤ.አ. የ2021 ጉባኤ ቪየና ላይ ሊሆን ታስቦ እሱም በወረርሽኙ ምክንያት በኢንተርኔት ሆነ። በ2024 ጉባኤው ቪየና ገባ። የቪየና ዕጣ ተመለሰ ማለት ነው። በመካከሉ፣ በ2023፣ ጉባኤው ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካን ረገጠ፤ ኪጋሊ ላይ። ለሩዋንዳ ወንድሞቻችን ደስ ብሎናል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ ብለናል። የአዲስ አበባ ስም ግን የ2020ው ጉባኤ የምርምር ጽሑፎች በሚጠቀሱባቸው ማጣቀሻዎች ላይ ታትሞ ቀርቷል፤ ያልተካሄደ ጉባኤ አድራሻ ሆኖ። እዚህ ላይ ሐቀኞች እንሁን፤ ጥፋቱ ሁሉ የፈረንጅ አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተጀመረ፤ ሰላም በሌለበት፣ ኢንተርኔት በሚዘጋበት አገር እንግዳ ጥሩ ብሎ ማን ይደፍራል? ግን ደግሞ «የእኛ ተራ ነበር፣ ሰላም ሲሆን ተራችን ይመለስልን» ብሎ በአደባባይ የጠየቀ ድምፅ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲወጣ አልሰማንም። እኛም አልጠየቅንም። ያልተጠየቀ ዕዳ ደግሞ ባለዕዳው ራሱ ይረሳዋል።

አሁን ጣታችንን ወደ ራሳችን እናዙር፤ ሂስ ያለ ግለ ሂስ ሐሜት ነውና።

በ2012 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። የአይ.ሲ.ቲ. ክበብ ነበረን። ለቅዳሜ መጋቢት 12 ቀን አንድ የቴክኖሎጂ ቀን ደገስን፤ በእኛ አቅም ጉባኤ ነበር። የገበያውን ሞባይል ጠጋኞች ጠራን። በሶላር የሰው ስልክ ቻርጅ እያደረገ የሚተዳደረውን ሰውዬ ጠራን። ሬዲዮ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ «ካቃጠልሁት ሬዲዮ የተማርሁትን እነግራችኋለሁ» ብለው ቃል ሰጡን። ጾም ስለነበር ንፍሮና ዳቦ በየቤቱ ተደለደለ። ከክበቡ አባላት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ከዩኒቨርሲቲ ይዞት በመጣው ሞጁል ሲ ፕላስ ፕላስ ተምራ፣ የእህል ዋጋ በኩንታልና በኪሎ የሚያሰላ ፕሮግራም በሉክ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋለች። ኮምፒውተር ላይ ጽፋ አታውቅም። መስመር በመስመር፣ ልክ ማሽኑ እንደሚያደርገው፣ በጣቷ እየተከተለች ራሷ ታሰላው ነበር። በዚያ ቅዳሜ ከሚሠሩት ሦስት ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ ሰው ሁሉ እያየ ልትጽፈውና ይሠራ እንደሆነ ልታይ ነበር።

ሰኞ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤት ለ15 ቀን ይዘጋ ተባለ። ተሰበሰብን፤ ተከራከርን። ግማሾቻችን «በግቢ ሳይሆን በሜዳ ላይ፣ ተራርቀን እናድርገው» አልን። ሌሎቻችን «ሽማግሌውን ጠርተን ብንገድላቸውስ?» አልን። የሽማግሌው ነገር አሸነፈን። ሰረዝነው፤ ዛሬም ቢሆን እንሰርዘዋለን። ከዚያ አንዳችን ወረቀት ላይ በማርከር ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ፦ «በወረርሽኙ ምክንያት ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል።»

ላልተወሰነ ጊዜ! ከዚህች ሐረግ የበለጠ ምቹ መሸሸጊያ በአማርኛ አለ? የሰረዘው ሰው አልሰረዝሁም ይላል፤ የጠበቀው ሰው ደግሞ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ አያውቅም። ወረቀቱ ክረምቱን ሙሉ በር ላይ ዝናብ ሲመታው ከረመ። 15 ቀን የተባለው ትምህርት ቤት በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ባለ ሉኳ ልጅ ወንበር ባዶ ነበር፤ በዚያ በተዘጋው ጊዜ ተድራለች። የእኛ ቅዳሜ ብትኖር አትዳርም ነበር አንልም፤ እንዲህ ብሎ መፎከር ውሸት ነው። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ያንን ፕሮግራም ከእሷ በቀር ያየው ሰው የለም። ቀን ቆርጠን ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ሰኔ ላይ ወይ ጥቅምት ላይ፣ «ነይ፣ ቀጠሮሽ ደርሷል» የሚላት ሰው ይኖር ነበር። አልነበረም። እኛ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባን፤ ማትሪክ ተፈተንን፤ ካምፓስ መጣን፤ አሁን ሻይ ይዘን ስለ አይ.ሲ.ኤል.አር. እንከራከራለን። ፈረንጆቹን «ተመልሰው አልመጡም» ብለን ስንከስ፣ እኛ ራሳችን ስንት ክረምት አገራችን ገብተን ስንት ጊዜ ያንን ቅዳሜ መለስን? አንድም ጊዜ!

ይባስ ብሎ የዚያ ጉባኤ ንግግሮች ሁሉ በነጻ ተከፍተው ተቀምጠዋል። ካምፓስ ውስጥ ዋይፋይ አለን፤ ሌሊት ሌሊት ፊልም እናወርድበታለን። ከእነዚያ ንግግሮች አሥሩን በፍላሽ ይዞ፣ በአማርኛ የሚያስረዳ ማስታወሻ አዘጋጅቶ፣ መካነ ኢየሱስ ለሚገኙ ልጆች ያደረሰ ከመካከላችን ማን ነው? ጉባኤው ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር ከኢንተርኔት ወደ እስቴ የሚያዛውረው ሰው እኛ መሆን ነበረብን። ባርሴሎናና ቪየና አያውቁንም፤ ቢረሱን አይገርምም። እኛ ግን ያችን ልጅ በስሟ እናውቃታለን።

እንግዲህ ወረርሽኝ ዳግም አይመጣም ብሎ የሚምል የለም። ኮሌራም አለ፤ ኩፍኝም አለ፤ ሌላም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጉባኤ የሚሰርዝ ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን እንደ እኛ ትንሽ፣ ይህን እንዲያደርግ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ሲሰርዝ «ሰረዝሁ» ይበል። ማን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ በግልጽ ይጻፍ። «ላልተወሰነ ጊዜ» የሚለው ሐረግ ከማስታወቂያችን ይውጣ።

ሁለተኛ፣ ከመወሰኑ በፊት ጉባኤው የተደገሰለት ሰው ይጠየቅ። አስተናጋጁ፣ የሩቁ ተማሪ፣ ኢንተርኔት የሌለው ሰው «ለአንተስ ምን ይቅር፣ ምን ይድረስህ?» ይባል። እኛ ስንሰርዝ ሽማግሌውን አስበናል፤ ደግ ነው። ልጅቱን ግን አልጠየቅናትም።

ሦስተኛ፣ በተሰረዘበት ወረቀት ላይ የመመለሻው ቀን አብሮ ይጻፍ። ቀኑ ቢገፋ ሌላ ቀን ይጻፍ። ቦታውም ያው ቦታ ይሁን፤ ዕጣው የወጣለት ሳይበላ ለሌላ አይዙር።

አራተኛ፣ እስከዚያ ድረስ በኢንተርኔት የሚሄደው ነገር ኢንተርኔት ለሌለው በወረቀት፣ በፍላሽ፣ በሬዲዮ ይሂድ። ይህች በእጃችሁ ያለች ወረቀት መብራት በጠፋበት ቤት በኩራዝ ትነበባለች፤ ማንም አይዘጋትም።

ለሌላው ሕግ አውጥተን እኛ ቁጭ እንዳንል ደግሞ የራሳችንን ቀን እዚሁ ቆርጠናል። የሚመጣው ክረምት ዕረፍት እንደገባ፣ ካምፓስ በተዘጋ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ መካነ ኢየሱስ። ሞባይል ጠጋኞቹ ተነግሯቸዋል። ሬዲዮ የሚሠሩት ሽማግሌ በሕይወት አሉ፤ «ረሳችሁኝ ብዬ ነበር» ብለው ስቀውብናል። ባለ ሉኳም ልጅ ዘንድ ሰው ልከናል፤ አሁን የልጅ እናት ናት። ሉኩ እቃ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ልካብናለች፤ እንደምትመጣ ግን ገና ቃል አልሰጠችንም። ብትመጣም ባትመጣም ያ ፕሮግራም በዚያ ቀን ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል፤ ከነስሟ። ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከጋይንት የሆናችሁ ሁሉ ፍላሻችሁን ሞልታችሁ ኑ። በዚያ ሳምንት በሽታ ቢገባ እንሰርዘዋለን፤ ያን ጊዜ በሩ ላይ የምንለጥፈው ወረቀት ግን ቀን ይኖረዋል።